ፋሲል፣ ፖርቹጋል ወይስ ጣሊያን? የእናቴ አገር ድልድይ ክር

ስለ እናቴ አገር ድልድይ እዚህ መድረክ ላይ የጠየቅኩበት ክር፣ ጥያቄውም መልሶቹም፣ ስለረዘመ ስልካችሁ ላይ አልከፍት ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ከመሐል የገባችሁም የቱ መልስ ለየቱ እንደሆነ ግራ ገብቷችኋል። ስለዚህ ከጥያቄዬ ጀምሬ የመጣውን ሁሉ በየቁጥሩ እተርክላችኋለሁ። ስም አልጠራም። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

መነሻ

የእናቴ አገር ከጎንደር ወደ ደንቢያ ሲወርዱ ነው። የሚያደርሰው ጥርጊያ መንገድ ነው። መንገዱ መገጭ የሚገባ አንድ ወንዝ ያቋርጣል። በወንዙ ላይ ባለሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ አለ። ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ቅዳሜ ገበያ ስንሄድ የምንሻገረው በሱ ነበር። አያቴ መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ታማትባለች። ነጠላዋን ታስተካክልና ትቀጥላለች። ለምን እንደምታደርገው ጠይቄያት አላውቅም።

ባለፈው ግንቦት ሄጄ ነበር። ድልድዩን ሳየው ደነገጥኩ። በአንደኛው ምሰሶ ሥር ያለው አፈር ተበልቶ መሠረቱ ተራቁቷል። ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮጀክት የላዩን ግንብ በሲሚንቶ ለስኖት ሄዷል። ልስኑ ተሰነጣጥቆ በየስንጥቁ ሣር በቅሏል። ቆሜ እያየሁ አሸዋ የጫነ ሲኖ መጣ። ሲያልፍ ከግራም ከቀኝም አንድ ክንድ እንኳ አልተረፈውም። ከቅስቱ ሥር ጠጠር እየረገፈ ውሃው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁት።

ማን እንደሠራው ጠየቅኩ። ቄሱ ዐፄ ፋሲል እንዳሠሩት ነገሩኝ። ከከተማ የመጣ አንድ ወጣት የፖርቹጋሎች ሥራ መሆኑን ማለልኝ። ከብት የሚያግዱ አዛውንት ደግሞ ከጣሊያን በቀር ማን ይሠራዋል ብለው ድርቅ አሉ።

ጥያቄዬ ይኸው ነበር። ከሦስቱ የትኛው ነው? ድልድይን አይቶ ዘመኑን መለየት ይቻላል ወይ? የቀበሌውን ስም ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ወርቅ አለበት እየተባለ የጥንት ግንብ ሥር ሲቆፈር አይቻለሁና።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ የጎንደር ልጅ ነው፤ አስጎብኚ ነው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ ድልድዩ ያለ ጥርጥር የፖርቹጋሎች መሆኑን ጻፈ። ቅስትና ኖራ ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው ባይ ነው። እንግዶቹንም እንደዚያ እያለ እንደሚያስጎበኝ አልደበቀም።

መልስ 2

ሁለተኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሳይቆጡ፣ ግን ቀጥ ብለው አረሙት። ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል የለቀቁት እ.ኤ.አ. በ1632 ነው። ፋሲል በነገሡ በሁለት ዓመት ውስጥ ኢየሱሳውያኑን፣ ከፖርቹጋሎች ጋር የሚጠሩትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ካገር አስወጡ። ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። እንግዲህ የጎንደር ዘመን ድልድዮች የተሠሩት እነዚያ ሰዎች ከሄዱ በኋላ ነው። ሁሉ ነገር የሚለጠፍለት ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝም ጎርጎራ ላይ የሞተው በ1622 ነው። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ እንኳ የተሠራው ከሱ ሞት በኋላ፣ በ1626 ነው።

መልስ 3 እና 4

አስጎብኚው ግማሹን ተቀበለ። ይህን ያደረገበትን መንገድ ወድጄለታለሁ፤ አልተከራከረም፣ አልዘለለም፣ ጠየቀ። የአላታው ድልድይ በሱስንዮስ ጊዜ ከሆነ፣ ያኔ ሚሲዮናውያኑ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበሩ፤ ታዲያ እሱስ የነሱ አይደለም ወይ የሚል ነበር ጥያቄው። መምህሩ ሲመልሱ፣ የአላታውን ያነጸው ባለሙያ ከህንድ የመጣ ሰው መሆኑን የዚያ ዘመን ሚሲዮናውያን ራሳቸው መጻፋቸውን ነገሩት። የፖርቹጋል ድልድይ የሚለው ስም ያንን ህንዳዊም፣ ድንጋዩን የፈለጠውንና የተሸከመውን ያገር ሰውም አብሮ ይሸፍናል።

ይህችን ቦታ ልብ በሉልኝ። ኋላ እንመለስባታለን።

መልስ 5

ይሄኛው ከእንፍራንዝ ነው፤ ቆጣ ብሎ ነው የገባው። ጉዛራን ረሳችሁት ወይ የሚል ነው ቁጣው። ጣናን ቁልቁል የሚያየው የጉዛራ ግንብ በትውፊት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው። እሳቸው የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 ነው። ፓኤዝ አገሩን የረገጠው በ1603 ነው። መላሹ የራሳችንን ነገር ሁሉ ለሌላ መስጠት መቼ ነው የምንተወው ብሎ ዘጋ። መምህሩ በአጭሩ፣ የጉዛራ ዘመን ራሱ በአጥኚዎች መሐል እንደሚያከራክር አስታወሱት። ሁለቱም ከዚህ በላይ አልሄዱበትም።

መልስ 6

አንዲት እናት ጻፉ። ልጅ ሆነው ከአያታቸው የሰሙት፣ ድልድይ ሲሠራ ካገሩ ሁሉ እንቁላል ተሰብስቦ ከኖራው ጋር ይመታ እንደነበር ነው። ዶሮ ያላት ሴት ሁሉ እንድታመጣ ይታወጅ ነበር ይባላል። እሳቸው እስከ ዛሬ አሮጌ ግንብ ሲያዩ መጀመሪያ የሚታሰባቸው ያ ሁሉ እንቁላል ነው።

መልስ 7

መሐንዲሱ የገባው እዚህ ላይ ነው። እትዬ ብሎ አክብሮ ነው የጀመረው። እንቁላል ቢገባበትም ባይገባበትም ግንቡን የሚያስረው ኖራው እንደሆነ አስረዳ። የኖራ ድንጋይ ምድጃ ውስጥ ሌትና ቀን ይነዳል። ነዶ ሲወጣ ውሃ ይፈስበታል፤ ያን ጊዜ እየፈላ ይፈራርሳል። ጉድጓድ ውስጥ ይከርማል። ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይለወሳል። የሚጠነክረው ቀስ እያለ፣ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ነው።

ቅስቱንም ገለጸው። መጀመሪያ በእንጨት ካሳፎርማ ይሠራል። ድንጋዮቹ ከሁለቱም ወገን በእንጨቱ ላይ እየተደረደሩ ይወጣሉ። መሐል ላይ የመጨረሻው፣ የቁልፉ ድንጋይ ሲገባ እርስ በርስ ይያያዛሉ። እንጨቱ ይነሣል፤ ድንጋዩ ይቆማል። ክብደት ሲያርፍበት ድንጋዮቹ የበለጠ ይጣበቃሉ። ሸክሙ ግን ወደ ጎንና ወደ ምሰሶው ይሄዳል። ስለዚህ ቅስት የሚሞተው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። እኔ የጻፍኩትን የተራቆተ ምሰሶ ሁለት ጊዜ አነሣው። እንቅልፍ የነሣው ይመስላል።

መልስ 8 እስከ 11

እዚህ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ወንዙ ውስጥ አምባዛ ይያዝ እንደሆነ ጠየቀ። ሌላዋ ሠርጓን አነሣች። በበቅሎ ስትወሰድ ድልድዩ አፍ ላይ በቅሎዋ አልሻገርም ብላ ሚዜዎቹ ወርደው ጎትተዋታል። አንድ ሰው ደግሞ በጥምቀት በቀሃ ውሃ የሚሞላውን የፋሲል መዋኛ አንሥቶ፣ ወደ መሐሉ ሕንፃ የምታሻግረውን ባለቅስት መተላለፊያ ከኔ ድልድይ ጋር እንዳስተያይ መከረኝ። ይህ ጠቅሞኛል። ሄጄ አይቻታለሁ። ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፤ ኖራው በዛ ያለ ነው።

መልስ 12

አባቱ በጣሊያን ጊዜ በመንገድ ሥራ በቀን ሠራተኝነት የዋለ ሰው ነው የጻፈው። አዛውንቱን ደገፋቸው። ጣሊያን ጎንደር የገባው በእኛ አቆጣጠር በ1928 ነው፤ የተሸነፈው ኅዳር 1934 ነው። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ሊማሊሞን ጨምሮ ብዙ መንገድ ተቆርጧል፤ ብዙ የድንጋይ ድልድይም ተሠርቷል። ዛሬ ጥንታዊ እየተባለ ፎቶ የሚነሣው ሁሉ የፋሲል አይደለም የሚል ነበር መልሱ። እውነቱን ነው።

መለያውንም ነገረን። የጣሊያኑ ለመኪና ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ሰፊ ነው። ድንጋዩ በልክ የተጠረበ ነው። ማያያዣው ሲሚንቶ ነው። አንዳንዱ ላይ በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ ዓመት አለ። የጎንደሩ ግን ለእግረኛና ለበቅሎ ነው፤ ጠባብ ነው፤ ማያያዣው ኖራ ነው። አባቱ ለቀን ሥራው የተከፈለው ስንት እንደነበር ሲናገር አልሰማውም። የሚናገረው ስለ ወደቁት ጓደኞቹ ብቻ ነበር።

መልስ 13

ይህ የኔው ነው። የለሰኑትን ሳይጨምር ሲሚንቶ እንደሌለበት፣ ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ጎን ለጎን ቢመጡ ተጣበው እንደሚያልፉበት ጻፍኩ። መምህሩም የመንገድ ሥራው ሰውም እንግዲያው የጣሊያን አይሆንም ወደ ማለቱ አዘነበሉ። እኔም ወደዚያው ነኝ። ፋሲል ራሳቸው ያሠሩት ይሁን ከሳቸው በኋላ የመጣ ንጉሥ ያሠራው፣ በዓይን ብቻ የሚለይ አይደለም።

መልስ 14

ይህን የጻፈው የሞጣ ልጅ ነው። ስለ ሰባራ ድልድይ ነው። ለብቻው ቢነበብ የሚበቃ ነው።

ሰባራ ድልድይ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረ የዓባይ ድልድይ ነው፤ የፋሲል ዘመን ሥራ ነው። ጣሊያን ሲመጣ ጠላት እንዳይሻገርበት መሐሉ ተቆረጠ። ስሙም ከዚያው ነው። ጦርነቱ አለፈ፤ ክፍተቱ ግን ለብዙ አሠርት ዓመታት እንደተከፈተ ቀረ። ሰው ተስፋ አልቆረጠም። በዚህ ጠርዝ ወንዶች ይቆማሉ፤ በዚያኛውም ይቆማሉ። መሐል ገመድ ይዘረጋል። ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰርና በአየር ላይ ይጎተታል። እህልም፣ ፍየልም፣ ታማሚም እንደዚያው።

መላሹ በሰባት ዓመቱ ተሻግሯል። አባቱ ዓይንህን ጨፍን ብለውት ነበር። መሐል ላይ ሲደርስ ግን ከፈተ። ከእግሩ ሥር ደፍርሶ የሚሄደውን ዓባይ አየ። የገመዱ ሽታ፣ የላብና የቅቤ ሽታ፣ እስከ ዛሬ አፍንጫው ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። እሱ አሁንም አገሩ ሲሄድ አዲሱን ይሻገርና ቁልቁል አሮጌውን ቆሞ ያያል።

መልስ 15 እስከ 17

የተበላሸው እዚህ ነው። ሰባራ ድልድይ የጎጃም ነው የጎንደር በሚል ተነሡ። ድልድይ ሁለት ዳርቻ እንዳለው ያልታያቸው ሰዎች ነበሩ። ስድብ ገባ። አወያዩ ሁለት መልስ አጥፍቶ ሦስተኛውን አስጠነቀቀ። የጠፋውን እዚህ አልደግመውም።

መልስ 18

ዝም ብሎ ሲያነብ የቆየ ሰው ጻፈ። የወለቃ ተወላጅ ነው። ቤተ እስራኤል ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1983 ከቤተሰቡ ጋር ወደ እስራኤል ሲሄድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር።

ጥያቄው አንድ ነበር። እስከ 17 ድረስ ንጉሥ ተጠርቷል፤ ፖርቹጋል ተጠርቷል፤ ጣሊያን ተጠርቷል። ግንበኛውን የጠራ አለ ወይ? መምህሩ መልስ 4 ላይ ድንጋይ ተሸካሚውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አንሥተው እንዳለፉ አስታወሰ። ጎንደር ስትገነባ ግንበኝነት፣ አናጢነትና አንጥረኝነት ከቤተ እስራኤል ዋና ሙያዎች መሆናቸው በታሪክ የተጻፈ ነው። እሱ የጨመረው ግን በመጽሐፍ የማይገኘውን ነው። አያቱ ግንበኛ ነበሩ። የሌላ ሰው ቤት ግንብ ሠርተው ይጨርሳሉ። ቤቱ ሲመረቅ ድግሱ ላይ አይጠሩም። ሂሳባቸውን ተቀብለው ሲሄዱ ቡዳ ነው ተብሎ ልጅ ይደበቅባቸዋል። ያነጹት ግድግዳ ግን የሰው ዓይን አላወረደውም፤ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩ። እኔም በልጅነቴ ሸክላ ሠሪዎች ሲመጡ ፊቴን በነጠላ ስትሸፍነኝ የነበረችውን ሴት አስታወስኩ። አያቴ ነበረች። ያቺው ድልድዩ ላይ የምታማትበው። እወዳታለሁ፤ ይህንንም አድርጋለች።

መልስ 19 እና 20

አንድ ሰው ተቆጣ። ቤተ እስራኤሎችም በራሳቸው ሕግ ከሌላው ይርቁ ነበር፤ ከነካቸው ሰው ይታጠቡ ነበር፤ ነገሩን ለምን የአንድ ወገን በደል ታደርገዋለህ የሚል ነበር። መራቁ እውነት ነው፤ የወለቃውም ሰው አልካደም። የሱ አያት ንጽሕናቸውን ሲጠብቁ የማንም ልጅ ቡዳ ተብሎ እንዳልተደበደበ ብቻ መለሰለት። ተቆጪው ከዚያ በኋላ አልጻፈም። እኔ የወለቃውን ሰው ነው የማምነው፤ ይህን ተደብቄ አልናገርም።

መልስ 21

መሐንዲሱ ተመለሰ። የሚለው ይጨበጣልና ላብራራው።

አንደኛ ነገር አሸዋው ነው። ከድልድዩ በታች አሸዋ ሲዝቅ የዋለ ሰው የወንዙን ወለል ያወርደዋል። ወለሉ ሲወርድ ውሃው ይፈጥናል፤ ወደ ላይ እየቦረቦረ መጥቶ ምሰሶው ሥር ይገባል። ክረምት አንድ ትልቅ ጎርፍ ይበቃዋል። ስለዚህ ከላይ ልስን ከመደርደር በፊት ምሰሶው ሥር ትልልቅ ድንጋይ መደርደር ይቀድማል።

ቀጥሎ ሲሚንቶው ነው። ኖራ ለስለስ ያለ ነው፤ እርጥበት ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፤ የገባውን ውሃ ይዞ ያስቀረዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይበላዋል። በጣሊያን ጊዜ የፋሲል ግቢ ውስጥ በሲሚንቶ የተጠገነው አብዛኛው ኋላ እንዲነሣ የተደረገው በዚህ ጉዳት መሆኑን አስታወሰን።

ሲኖውን በተመለከተ አጭር ነበር። አሸዋ ሲጭን ከ30 ቶን ያልፋል። ድልድዩ የተሠራው ለበቅሎ ነው።

መልስ 22

የወረዳ ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው ገባ። ሲኖ እንዳይገባ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ተደርድሮ ሌሊት እንደተነሣ ነገረን። አሸዋ የሚያወጡት የሠፈሩ ሥራ አጥ ወጣቶች ናቸው። ሌላ ሥራ ሳትሰጡ አትከልክሏቸው ብሎ ተማጸነ። ማንም አልተሳደበም። መልስም የሰጠው የለም፤ ይህ አሳዝኖኛል። አሁን እኔ ልመልስለት። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። ምሰሶው ሥር የሚደረደረውን ድንጋይ ማንሣት የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ ለሱ የሚሆን የቀን ሂሳብ ማዋጣት እኛ የምንችለው ነው። የመጀመሪያውን እኔ አዋጣለሁ።

መልስ 23

የወለቃው ሰው ጠየቀኝ። ከላይ ያለውን ሁሉም ፎቶ ያነሣዋል፤ ከቅስቱ ሥር ገብተህ አይተሃል ወይ?

አላየሁም ነበር።

መልስ 24

ሄድኩ። ውሃው ገና አልሞላም። ሱሪዬን ሰብስቤ በመሐለኛው ቅስት ሥር ገባሁ። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የሌሊት ወፍ ይሸታል። የስልኬን መብራት አበራሁ። ዝናብም ፀሐይም ያልነካው ኖራ ነጭ ሆኖ አለ። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ መስመር አየሁ። የመሮ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል የጣት ነው። ኖራው እርጥብ ሳለ አንድ ሰው በሁለት ጣቱ ጎትቶ አስተካክሎታል። መጨረሻው ላይ ጣቱን ሲያነሣ የቀረች ትንሽ ጉብታ አለች። በመብራቱ ፊት ጥላ ትጥላለች።

ከዚያ ወጥቼ ድልድዩ መሐል፣ አያቴ የምትቆምበት ቦታ ሄድኩ። እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት። እዚያ ድንጋይ ላይ መስቀል ተቀርጾበታል፤ እሱን ነው የምትሳለመው ብላ መለሰችልኝ። ፈለግኩ። የመስቀሉ አንድ ክንድ አለ፤ በሰው እጅ ተዳብሶ ተዳብሶ ሊጠፋ ደርሷል። የቀረው ሲሚንቶው ሥር ነው።

ሁለቱንም ፎቶ ለጠፍኩ።

መልስ 25

ይህ እስካሁን የመጨረሻው ነው። የወለቃው ሰው ነው የጻፈው። የጣቱን ፎቶ አሳድጎ ደጋግሞ አይቶታል። አያቱ ሥራ ሲጨርሱ መጋጠሚያውን በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ይጎትቱ እንደነበር ያስታውሳል። መሣሪያ እያለ ለምን በጣት ብሎ ሲጠይቃቸው ድንጋዩ የት እንዳልሞላ የሚያውቀው ጣት መሆኑን ነግረውታል። ያ የሳቸው ወገን እጅ ነው ብሎ አልደመደመም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስፋቱ እንዲታየው የራሴን እጅ ከምልክቱ አጠገብ አድርጌ ደግሜ እንዳነሣለት።

ዝናቡ ሳይጠነክር ቅዳሜ እሄዳለሁ። ጠንከር ያለ የእጅ ባትሪ ያለው ሰው ቢያውሰኝ ጥሩ ነው፤ የስልኩ መብራት ጥግ ጥጉን አያሳይም።